400 ቤት፣ 34 ዓይነት ጠጠር፦ የድሬዳዋው ትልቅ ቼዝ ለምን አልሰመረም?

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ነዋሪ ነኝ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ትልቅ ቼዝ አለኝ። ሰሌዳው 20 በ20 ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጫዋች 80 ጠጠር፣ በጠቅላላው 34 ዓይነት አለው። ግመል፣ ጅብ፣ ባቡር፣ ባጃጅ፣ አምስቱ የጁገል በሮች ሁሉ ገብተውበታል። አብዛኞቹ ጠጠሮች አንድ ወይም ሁለት ቤት ይራመዳሉ። ባጃጁ አንድ ቤት በሰያፍ ይወጣና ከዚያ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። ባቡሩ ያገኘውን ሁሉ እየደፈጠጠ እስከ ሰሌዳው ጫፍ ይነዳል። ጅቡ የሚንቀሳቀሰው ሌሊት ብቻ ነው፤ ሌሊትና ቀን በየ10 ተራው ይፈራረቃሉ። ከወንድሜ ጋር ሁለት ጊዜ ሞከርነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጅቶ ሳያልቅ ቀረ፤ ሁለተኛው በአራተኛው ተራ በወንድሜ ባቡር አለቀ። ሚዛኑን ለማስተካከል ምን ዓይነት ጠጠር ልጨምር? ለእንጨት ቀራጭ ልሰጠው ተዘጋጅቻለሁ።

መልስ፦ ምንም አይጨምሩ። ለቀራጩም ገና አይስጡት። አንዱ ጨዋታ አላልቅ ብሎ፣ ሌላው በወጉ ሳይጀመር አልቆ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ያሉ ይመስላል፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በራሱ ጠባይ አስውበው ፈጥረዋቸዋል። ሰሌዳውን ደግሞ ሁሉም እንዲበቃቸው ብለው አስፍተውታል። የጠጠር ጉልበት ግን ከጠጠሩ ጋር አብሮ የሚወለድ ነገር አይደለም፤ ሰሌዳው ነው የሚሰጠው። ሰሌዳው በሰፋ ቁጥር የአንዱ ጉልበት ይፋፋል፣ የሌላው ይሟሽሻል፣ እርስዎም ያላሰቡት ጨዋታ ይወጣል።

በቁጥር ላሳይዎ። በባዶ 8 በ8 ሰሌዳ ላይ ግንብ የትም ቢቆም 14 ቤት ይደርሳል። ፈረስ ከመሐል 8 ቤት፣ ከጥግ 2 ቤት ይደርሳል፤ አማካዩ 5.25 ነው። በእንቅስቃሴ ብቻ ከለካናቸው ግንቡ የፈረሱን 2.7 እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው። በእርስዎ 20 በ20 ሰሌዳ ላይ ግንቡ 38 ቤት ይደርሳል፤ የፈረሱ አማካይ ግን ከ6.84 አያልፍም። ልዩነቱ ወደ 5.6 እጥፍ ወጣ። ፈረስ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ለመሄድ በለመድነው ሰሌዳ 6 እርምጃ ሲበቃው በእርስዎ ሰሌዳ 14 ያስፈልገዋል፤ ግንቡ ሁለቱም ላይ በሁለት እርምጃ ይደርሳል። ፈረስ እንዲህ ከሆነ አንድ ቤት ብቻ የሚራመዱት ጠጠሮችዎ ምን ሊሆኑ ነው? ጦርነቱ ሳይደርሱበት ያልቃል፣ ወይም እስኪደርሱበት ድረስ ጨዋታው ይቆማል። የመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ የሄደው በዚህ ጉዞ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ውስጥ ወዳለው የተሳሳተ ግምት ልምጣ። ብርቱ ጠጠር ሚዛን ሲያዛባ ሌላ ብርቱ ጠጠር በመጨመር ይታረማል ብለው አስበዋል። በተግባር የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ሁለት ባቡሮች ባሉበት ሰሌዳ ላይ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ሰው ያሸንፋል፤ አራት ባደረጓቸው ቁጥር ቀድሞ የመንቀሳቀስ ጥቅሙ ይብሳል። ብርቱን የሚገራው ብርቱ ሳይሆን የርካሾች ብዛት ነው። ንግሥት በወታደር ከተነካች መሸሽ አለባት፤ ወታደሩ ግን ንግሥት ብትነካውም ጠባቂ ካለው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ በመካከለኛ ጠጠሮች መካከል የተከበበ ብርቱ ጠጠር ብዙ ቤቶች ይከለከሉበታል፣ ዋጋውም ይወርዳል። በኮምፒውተር ተደጋግሞ የተሞከረ አንድ ምሳሌ አለ፦ ከወታደሮቻቸው ጋር ሆነው 3 ንግሥት ከ7 ፈረስ ጋር ሲገጥሙ፣ ንግሥት 9 ፈረስ 3 በሚለው ስሌት 27 ለ21 ሆነው ንግሥቶቹ መርታት ሲገባቸው፣ ፈረሶቹ ያሸንፋሉ። የጠጠር ዋጋ ሰንጠረዥ ሠርተው ድምሩን ለማስተካከል እየጣሩ ከሆነ ይህን ያስታውሱ፤ ድምር ብቻውን አያድንዎትም።

ባቡሩን በተመለከተ፣ በመንገዱ ያለውን ሁሉ የሚያጠፋ ጠጠር ፈጽሞ አይሠራም አልልም። የጃፓን ቼዝ ሾጊ ብዙ ትልልቅ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ ተንጂኩ ሾጊ የሚባለው በ16 በ16 ሰሌዳ ላይ ለእያንዳንዱ ወገን 78 ጠጠር ይዞ የሚጫወቱት ሲሆን፣ በሌሎች ላይ ዘልለው የሚበሉ ጄኔራሎች አሉት። ነገር ግን ማዕረግ ወጥቶላቸዋል፦ ጄኔራል በማዕረግ ከእሱ የሚያንሱትን እንጂ እኩያውን ወይም የበላዩን መዝለል አይችልም። ፍሬኑ እዚያ ላይ ነው። የእርስዎ ባቡር ፍሬን የለውም። ወንድምዎ በአራተኛው ተራ ያሸነፈው እርስዎ ስለተዘናጉ አይደለም፤ ፊት ለፊቱ ያለው ጠጠር ሁሉ ከለላ መሆኑ ስለቀረ ነው። በቼዝ ንጉሥ የሚኖረው በከለላ ነው።

ሁለተኛው ነገር የሌሊትና የቀን ሕግዎ ነው። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ሐረር ላይ ጅብን በቀን የሚጠብቅ ሰው የለም። ይሁንና ሕጉ ከሰሌዳው ላይ አይነበብም። ሰሌዳውን ያየ ሰው አሁን ጅቡ መብላት ይችላል ወይስ አይችልም ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ያለው በተጫዋቾቹ ጭንቅላት ወይም በወረቀት ላይ ነው። በቼዝ እንዲህ ዓይነት የተደበቀ ሒሳብ ጥቂት ነው፤ ለምሳሌ ንጉሡና ግንቡ ቀድሞ ተንቀሳቅሰው ነበር ወይ የሚለው። ያ አንዱ እንኳ ጀማሪዎችን ያጨቃጭቃል። በ80 ጠጠር ጨዋታ ላይ ተራ መቁጠር ሲጨመር ጭቅጭቁ ጨዋታውን ይበላዋል። መመሪያዬ ይህ ነው፦ እንግዳ ሰው መጥቶ ሰሌዳውን ቢያይ፣ ያለፈውን ሳይጠይቅ ጨዋታውን መቀጠል መቻል አለበት።

የዓይነቱ ብዛት ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ሐረር ውስጥ ቼዝ ለማስተምራቸው የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች ብዬ 14 በ14 ሰሌዳ፣ 22 ዓይነት ጠጠር ያለው ጨዋታ ሠርቼ ነበር። ጠጠሮቹ የለስላሳ ቆርኪዎች ነበሩ፤ በየቆርኪው ውስጥ የጠጠሩን የመጀመሪያ ፊደል በወረቀት ለጥፌያለሁ። ከልጆቹ ሁሉ ጎበዟ፣ በተለመደው ቼዝ እኔንም የምታስጨንቀኝ፣ «ዘ» የተጻፈበትን ቆርኪ በሁለት ጣቷ አንስታ በአየር ላይ ያዘችው። «ዘንዶ ነው ዘብ?» አለችኝ። ሁለቱም ነበሩ። ወረቀቱን አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች፤ በአንድ ተራ አራት ጊዜ። ቆርኪውን መልሳ ስታስቀምጥ የት እንደነበረ ጠፋት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሰሌዳውን ካዩበት ይልቅ የሕጉን ወረቀት ያዩበት ጊዜ ይበልጥ ነበር፤ ወረቀቱ ምሽት ላይ በላብ ጣት ጠርዙ ተልጦ ነበር። ቼዝ የሚጣፍጠው «እሱ እንዲህ ቢያደርግ እኔ እንዲህ» ብሎ ወደ ፊት ማየት ሲቻል ነው። ያቺ ልጅ ያን ቀን አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ፊት ማየት አልቻለችም፤ አእምሮዋ በሙሉ ስም በማስታወስ ተይዞ ነበር። ጨዋታው ምን ያህል ሐሳብ እንደነጠቃት ሳይ አዘንኩ፣ 22ቱን ዓይነት ወደ 9 አወረድኳቸው።

አንድ መለኪያ ልስጥዎ፦ ጠጠሩ ቅርጹን ወይም ስሙን ብቻ በማየት አካሄዱ ትዝ ካላለ ከጨዋታው ይውጣ። ከ34ቱ ስንቱ ይህን ያልፋል? ባጃጁ ያልፋል፤ ከመታጠፊያ ወጥቶ ሽቅብ ሲከንፍ ድሬዳዋ ላይ በየቀኑ እናየዋለን። እንዲያውም ባጃጁ በዓለም ታሪክ ቀደምት አለው። በዛሬዋ ስፔን የነበረችው የካስቲያ ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ በ1283 እ.ኤ.አ. ባስጻፈው የጨዋታዎች መጽሐፍ ውስጥ 12 በ12 በሆነ ሰሌዳ ላይ የሚጫወቱት ትልቅ ቼዝ አለ፤ እዚያ ውስጥ ያለችው ግዙፍ ወፍ አካሄዷ እንደ ባጃጅዎ ነው፣ አንድ ቤት በሰያፍ፣ ከዚያ ቀጥታ። እርስዎ ሳያውቁ እዚያ መድረስዎ ጥሩ ምልክት ነው። ግመሉም እንዲሁ፤ በጥንቱ የመካከለኛው እስያ ገዥ በታሜርላን ስም በሚጠራው 112 ቤት ባለው ቼዝ ውስጥ ግመልም ቀጭኔም አለ። ግመል እንደ ፈረስ ሆኖ በሁለት ፈንታ ሦስት ቤት ሄዶ አንድ የሚታጠፍ ነው። ጥንቃቄ ግን ይሻል፦ በዚህ አካሄድ ግመል የተነሣበትን ቀለም ዕድሜ ልኩን አይለቅም። ሁለቱን ግመሎች በተለያየ ቀለም ላይ ካላቆሟቸው የሰሌዳው ግማሽ ግመል አያውቀውም። የዓምዶቹ ቁጥር ተጋማሽ በሆነ ሰሌዳ ላይ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ በእኩል ርቀት ካቆሙ ችግሩ በራሱ ይፈታል።

በሮቹን ያውጧቸው። አምስቱ የጁገል በሮች በልባችን ያላቸው ቦታ ይገባኛል፤ እኔም በየቀኑ አልፍባቸዋለሁ። ነገር ግን በር ቦታ እንጂ ጠጠር አይደለም፤ የማይንቀሳቀስ ጠጠር ደግሞ በጨዋታ ውስጥ ድንጋይ ነው። ወደ ፊት በርን ማስገባት ከፈለጉ ሰሌዳው ላይ የተሰመረ ቤት ያድርጉት፤ በታሜርላን ቼዝ በሰሌዳው ሁለት ጎን የተቀጠሉ ሁለት ምሽጎች አሉ፣ ንጉሥ የጠላቱን ምሽግ ከገባ ጨዋታው በአቻ ያበቃል። ለመጀመሪያው ሰሌዳ ግን ይቅር።

ትልቅ ጨዋታ ሁሉ አይሆንም ማለቴ እንዳይመስልዎ። ታይክዮኩ ሾጊ የሚባል 36 በ36፣ 1,296 ቤት፣ በአንድ ወገን 402 ጠጠር፣ ከ200 በላይ ዓይነት ያለው ጨዋታ አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. በጃፓን ቴሌቪዥን ሁለት የሾጊ ባለሙያዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫውተውት ከ32 ሰዓት በላይ፣ ከ3,800 በላይ እርምጃ ፈጅቷል። እንደ ሐውልት ያስደንቃል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚጫወተው ሰው ግን የለም። ከትልልቆቹ የሾጊ ዝርያዎች ለዘመናት ተጫዋች ያላጣው ቹ ሾጊ ነው፤ 12 በ12፣ በአንድ ወገን 46 ጠጠር። በእያንዳንዱ ወገን አንድ አንበሳ አለ፣ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ መራመድና መብላት የሚችል። ሁለቱ አንበሶች ገና በማለዳው ተበላልተው ጨዋታው እንዳይደርቅ ሲባል አንበሳ አንበሳን የሚበላበት ሁኔታ በሕግ ተገድቧል። ይህን በደንብ ያስቡበት። ፈጣሪዎቹ አንበሳውን ለማመጣጠን ሌላ አውሬ አልጨመሩም፤ የጨዋታው ደስታ ያለበትን ጠጠር ዕድሜ በሕግ አስረዘሙ።

ከሩቅ ምሥራቅ ይልቅ የሚጠቅምዎ ነገር ግን በእጃችን ያለው ይመስለኛል። የእኛ ሰንጠረዥ፣ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ያሉት ጥንታዊው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበረው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦችም አይተው ጽፈውታል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድነት፣ እያንዳንዱ በፈለገው ፍጥነት፣ የሌላውን እጅ እየተመለከተ ጠጠሮቹን ያሰልፋል፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ተራ ይጀመራል። የትልቅ ሰሌዳ ትልቁ በሽታ የመነሻው ጉዞ መርዘም ነው፣ መድኃኒቱ ደግሞ አያቶቻችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱት የነበረው ይህ ነው። በሰንጠረዥ ላይ የሠራበት ምክንያት አለው፤ ፈርዝ አንድ ቤት በሰያፍ ብቻ ይሄዳል፣ ፊል ሁለት ቤት በሰያፍ ይዘልላል፣ ከ64ቱም ቤት በዕድሜው የሚረግጠው 8ቱን ብቻ ነው። ከሩቅ የሚመታ ጠጠር ጥቂት ስለነበር በሰላም መሰለፍ ይቻል ነበር። ንግሥት፣ ባጃጅና ባቡር ባሉበት ወረራን እንዳለ ቢያመጡት የመጀመሪያው መብላት በሦስት ሰከንድ ይመጣል። ስለዚህ ልጓም ይፈልጋል፤ እሱን አሁን በምሰጥዎ ንድፍ ውስጥ አስገባዋለሁ።

የምመክርዎ ይህን ነው። ሰሌዳውን 12 ዓምድ በ10 ረድፍ፣ 120 ቤት ያድርጉት። ለእያንዳንዱ ወገን 27 ጠጠር፣ በጠቅላላው 54፤ የሰሌዳው 45 በመቶ ይሞላል፣ በለመድነው ቼዝ 50 በመቶ ነው። ስድስቱን የታወቁ ዓይነቶች አይንኩ፣ አራት ብቻ ይጨምሩ፦ ሁለት ግመል፣ ሁለት ጅብ፣ ሁለት ባቡር፣ አንድ ባጃጅ። ባጃጁ ከንግሥት ብዙም የማይተናነስ ስለሆነ አንድ ይበቃል። 12ቱ ወታደሮች በሦስተኛው ረድፍ ይቁሙ። እንዲህ ሲሆን በሁለቱ የወታደር ረድፎች መካከል አራት ባዶ ረድፍ ይቀራል፤ ወታደር በ9ኛው ረድፍ ላይ እንዲሾም ከፈቀዱ ጉዞው 6 እርምጃ ይሆናል። ሁለቱም ቁጥሮች ከለመድነው ቼዝ ጋር አንድ ናቸው። ሰሌዳው አደገ፣ የወታደሩ መንገድ ግን አልረዘመም። በዚህ ሰሌዳ ላይ ግንብ 20 ቤት፣ ፈረስ በአማካይ 5.9 ቤት ይደርሳሉ፤ ልዩነቱ 3.4 እጥፍ ገደማ ነው። ፈረስ ትንሽ ረክሷል፣ ግን አልሞተም።

ባቡሩን እንዲህ ያርሙት፦ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ማንንም አይደፈጥጥም፣ የመጀመሪያውን ያገኘውን ይበላና ይቆማል፤ ከሦስት ቤት ባነሰ ርቀት ግን መቆምም መብላትም አይችልም። ባቡር ለመነሣት ርቀት ይፈልጋል። ከሩቅ የሚያስፈራው ባቡር ሥሩ የቆመውን ወታደር መንካት አይችልም፤ ያ ነው ፍሬኑ። የታሜርላን ቼዝም ከሁለት ቤት ባነሰ ርቀት የማይቆም የሰያፍ ጠጠር አለው፣ ሐሳቡ የተፈተነ ነው። ጅቡን ደግሞ ከሰዓት ቆጠራ ያላቅቁት። ወደ ሁሉም አቅጣጫ አንድ ቤት ብቻ ያነክስ፣ በዚያ አይብላ። የሚበላው ቀጥታ ወይም በሰያፍ ሁለት ቤት ዘልሎ ነው፣ ያውም በዙሪያው ባሉት ስምንት ቤቶች ውስጥ አንድም ወገን የሌለውን ብቻ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል ይባል የለ? አሁን ተረቱ ራሱ ሕጉን ያስታውሳል፣ ማንም ሰው ሰሌዳውን አይቶ ማን በጅብ አፍ እንዳለ ያውቃል። ጨዋታው እየሳሳ ሲሄድ ብቸኞች ስለሚበዙ ጅቡ እየበረታ ይሄዳል፤ በዙሪያው ወገን የሌለው ንጉሥም በጅብ ኬሽ (ንጉሥ ተነካ) ይባላል። ሌሊቱን ሳይቆጥሩ አገኙት ማለት ነው።

አሰላለፉ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ባቡሮቹን ጥግ ላይ ማቆም ያምራል፣ ከፊታቸው ያለውን የጥግ ወታደር የጠበቁም ይመስላል። አልጠበቁም፤ ወታደሩ ሁለት ቤት ብቻ ስለሚርቅ ባቡሩ አይደርስበትም። ስለዚህ በመጀመሪያው ረድፍ ጥጎች ላይ ግንቦቹን፣ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ባቡሮቹን፣ መሐል ላይ ንጉሡን ያቁሙ። የቀሩት አሥሩ በሁለተኛው ረድፍ ከ2ኛው እስከ 11ኛው ዓምድ ይሰለፉ፤ ሁለቱ ጫፎች ባዶ ስለሚሆኑ ግንቦቹ የጥግ ወታደሮቻቸውን ያያሉ። ከዚያ 12ቱንም ወታደር አንድ በአንድ «ማን ይጠብቅሃል?» እያሉ ይጠይቁ። ይህን መዝለል ቀላል ስህተት አይደለም። ከ1921 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካፓብላንካ ባቀረበው ባለ 80 ቤት ቼዝ ላይ እንኳ ከመነሻው ጠባቂ የሌለው ወታደር ነበር።

በሰሌዳው ወገብ፣ በ5ኛውና በ6ኛው ረድፍ መካከል፣ ወፈር ያለ መስመር ያስምሩና በድሬዳዋው ወንዝ ስም ደቻቱ ይበሉት። የቻይና ቼዝም መሐሉ ላይ ወንዝ አለው፣ ዝሆኑ አይሻገረውም። የእርስዎ ደቻቱ ለወረራ ልጓም ይሁን፦ በወረራ ጊዜ ማንም ደቻቱን አይሻገርም፣ ማንም አይበላም፣ ጠጠር መልሶ ማንሣት ይፈቀዳል፤ ሁለቱም በቃኝ ሲሉ ወይም አምስት ደቂቃ ሲሞላ ያበቃል። ከዚያ በዕጣ የቀደመው ሰው በመጀመሪያው ተራው እንዳይበላ ይከልክሉ፤ አለበለዚያ ወረራው የተንኮል ወጥመድ ይሆናል። ለመጨረሻው ደግሞ ጠጠሮቹን ሁሉ አጥቶ ራቁቱን የቀረ ንጉሥ ተሸነፈ ይበሉ። ይህ የዛሬው ቼዝ በተወለደበት በጥንታዊው ሻትራንጅ የነበረ ሕግ ነው፣ በሰፊ ሰሌዳ ላይ ብቸኛ ንጉሥን ሲያሳድዱ ከማምሸት ያድናል።

የቀሩትን 24 ዓይነቶች አይጣሏቸው። ከእነሱ የሚወዷቸውን ወስደው ወደ ፊት ሁለት የተለያዩ ሠራዊቶች ማድረግ ይችላሉ፦ ጅብ ያለው የሐረር ሠራዊት፣ ባቡር ያለው የድሬዳዋ ሠራዊት። ራልፍ ቤትዛ የተባለ አሜሪካዊ የቼዝ ፈጣሪ በዚህ ሐሳብ ብዙ ሠርቷል። ሚዛኑን ማግኘት ግን ከተመሳሳይ ሠራዊት እጅግ ይከብዳል፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይጸና አይጀምሩት።

ስለ ፍተሻ። ረድፉን 10 ላይ ያቆምኩት በአንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው፤ ፌሪ ስቶክፊሽ የተባለው ነጻ የቼዝ ኮምፒውተር ፕሮግራም እስከ 12 በ10 የሚደርስ ሰሌዳ ይጫወታል። እንደ ግመል ያሉ ቀላል ዘላዮችን በራሱ ላይ ያስሞክሩ። ጅቡን ግን በእጅ ነው የሚፈትኑት። ለጅቡ ዋጋ ለማውጣት ከአንዱ ወገን ጅብ፣ ከሌላው ፈረስ አንሥተው ከወንድምዎ ጋር እየተቀያየሩ ይጫወቱ። 10 ጨዋታ የተሰበረን ነገር ያሳያል፤ ጅብ ከፈረስ በሩብ ይበልጣል ወይም ያንሳል ለማለት ግን አይበቃም፣ ያን ያህልም አይጨነቁበት። በእነዚህ 10 ጨዋታዎች የሚመዘግቡት ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ የትኛው ጠጠር እስከ መጨረሻው ከመነሻ ቤቱ እንዳልተነሣ፣ ማን የሕግ ወረቀቱን እንዳየና ስለየትኛው ጠጠር። በአምስት ጨዋታ ካልተነሣ ጠጠሩ ቦታው ወይም አካሄዱ ይለወጥ። ወረቀቱ ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላም የሚታይ ከሆነ ሕጉ ይቅለል።

ቀራጩ ዘንድ የሚሄዱት ከእነዚህ 10 ጨዋታዎች በኋላ ነው። እስከዚያ ካርቶንና ቆርኪ ይበቃል፣ በፊደል ፈንታ ሥዕል ይለጥፉበት። ሲያስቀርጹም የቤቱን ስፋት 4.5 ሴንቲ ሜትር ያድርጉት፤ 12ቱ ዓምድ 54 ሴንቲ ሜትር፣ 10ሩ ረድፍ 45 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ተቀምጦ የጠላትን የኋላ ረድፍ መንካት ይቻላል። የ20 በ20ው ሰሌዳዎ በ5 ሴንቲ ሜትር ቤት አንድ ሜትር ነበር፤ ወንድምዎ ጠጠር ለማንሣት ስንት ጊዜ ከመቀመጫው እንደተነሣ ይጠይቁት። ጅቡን ከፊት እግሮቹ ይልቅ የኋላው ዝቅ ያለ፣ ግመሉን አንገቱ ረጅም፣ ባቡሩን ጠፍጣፋና ረዘም ያለ አድርጎ እንዲቀርጽልዎ ይንገሩት። ከእያንዳንዱ ዓይነት መጀመሪያ አንድ ብቻ ያስቀርጹ፣ ዓይንዎን ጨፍነው በእጅዎ ዳስሰው ይለዩት፤ ሳይሳሳቱ ከለዩት የቀሩትን ያዝዙ።